በኦማ ሪካ ጓዳ የቀረው ጠርሙስ

«ለማየት ብለሽ ክዳን አትክፈቺ። ለማየት ብቻ የተከፈተ ነገር ነፍሱ ትወጣለች። የግድ ሲሆንብሽ ትከፍቺዋለሽ፤ ያን ጊዜ ማንንም አታስፈቅጂ።»

ይህን ቃል ኦማ ሪካ የተናገሩት ለእኔ ለልጅ ልጃቸው ለኔልቺ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ የገውዝ ቅመም ጠርሙስ ከፍቼ አፍንጫዬን ከአፉ ላይ ደፍቼ አገኙኝና፣ ሳይመቱኝ ሳይቆጡኝ ክዳኑን ከእጄ ወስደው ገጠሙት፤ ይህንኑ ብለውኝም ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ዛሬ በአስከሬናቸው ፊት ቆሜ ታሪካቸውን ማንበብ የደረሰኝ ከቤተሰቡ ይልቅ የተማርኩ ሆኜ አይደለም፤ ትምህርቴን ከሁለተኛ ደረጃ በሁለተኛው ዓመት እንዳቋረጥኩ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አጎቴ ኤሊፋስ ግን «እናቴን ከጓዳዋ ውጪ የሚያውቃት ብዙ ነው፤ ጓዳዋ ውስጥ የምታውቂያት አንቺ ብቻ ነሽ» ስላሉኝ ብዕሩን ተቀበልኩ። ለቅሶ ልትደርሱ የመጣችሁ ዘመዶች፣ የመንደራችን እድር አባላት፣ ከማዶ ደሴት በጀልባ የተሻገራችሁ ሁሉ፣ ጥቂት ታገሡኝ።

ፌርዴሪካ ላቱሄሩ፣ በመንደሩ አጠራር ኦማ ሪካ፣ ከአባታቸው ከዮናታን ላቱሄሩና ከእናታቸው ከኦርፓ እ.ኤ.አ. በ1946 ዓ.ም. በሳፓሩዋ ደሴት በላውሃሩ መንደር ተወለዱ። ጊዜው የጦርነቱ ማግስት ሆኖ በደሴቱ ጨርቅ ጠፍቶ ስለነበር፣ እናታቸው የወለዷትን ልጅ የጠቀለሉት ታጥቦ በለሰለሰ የቅርንፉድ ጆንያ ነበር ይባላል። ኦማም በኋላ ዘመን ሰው «ልብስዎ ሁሉ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል» ሲላቸው፣ «የመጀመሪያ ልብሴ ነው፤ እንዴት ብሎ ይለቀኛል» እያሉ ይመልሱ ነበር።

በቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ተምረዋል። አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላቸው ግን እናታቸው ኦርፓ በሳንባ ሕመም አልጋ ያዙ። ኦርፓ እንደማይነሡ ባወቁ ጊዜ፣ ከመኝታቸው ሆነው በየዕለቱ አንዳንድ ጠርሙስ ከጓዳ እያስመጡ ለሴት ልጃቸው የሚያውቁትን ሁሉ አስረከቡ፤ ገውዝ በቅርፊቱ ውስጥ ደርቆ እስኪንኳኳ ድረስ በቀዝቃዛ ጭስ ላይ ሳምንታት እንደሚቆይ፣ ከተንኳኳም በኋላ እስከሚፈጭበት ቀን ከነቅርፊቱ እንደሚቀመጥ፣ ገውዙን እንደ መረብ የሚያቅፈው ቀይ ልባስ በመዳፍ ተዳምጦ ማር እስኪመስል በፀሐይ እንደሚሰጣ፣ ቅርንፉድ ጠል ሳይነካው ከምንጣፉ እንደሚነሣ፣ እርድና ዝንጅብል በደረቅ አሸዋ እንደሚቀበሩ፣ ይህን ሁሉ ትንፋሻቸው በሚቆራረጥበት አፍ አንድ በአንድ ነገሯቸው። ኦማ ይህን ሲያወሩ መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «የሌሎች እናቶች ሲሞቱ ወርቅ ያወርሳሉ፤ የእኔዋ እጅሽን አድርቂ ብላኝ ሞተች» ይሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት አልተመለሱም፤ የአባታቸውን ቤት ጓዳ ያዙ።

በሃያ ዓመታቸው አናጢውን ዛካሪያስ ቱሁሙሪን አግብተው አሁን ወደተሰበሰብንበት ቤት መጡ። ይህ ቤት ፊቱን ለባሕር የሰጠ ነው። በዚያን ዘመን ጓዳውም በባሕሩ በኩል ስለነበር፣ ጨው ያዘለው ነፋስ በግድግዳው ሽንቁር እየገባ ያለውን ሁሉ ያርሰው ነበር። ሙሽራይቱ ለመጀመሪያው የአዲስ ዓመት ግብዣ አማታቸውን ዶርካስን ለማስደሰት ብለው፣ ገና ያልተንኳኳውን ገውዝ እርጥበቱ ሳያሻግተው ላድርሰው ሲሉ ከሥሩ እሳቱን አጋግለው አነደዱበት። ገውዝ ቅባት አለው፤ ቅባቱ በግለቱ ቀልጦ አመድ ላይ ተንጠባጠበ፣ ፍሬውም ጠቁሮ ቀረ። አማታቸው አልተቆጡም፤ ከመቆጣት የከፋ ነገር አደረጉ። ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተው «ኑ እንጂ፣ ሙሽራችን ገውዝ ጠብሳልናለች፤ ከሳጎ ገንፎ ጋር እንቅመሰው» አሉ። «ጠባሿ ሪካ» የሚለው ስም ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል ተከተላቸው፤ ከተቀመጡት አረጋውያን መካከል አሁንም ፈገግ ያሉ አያለሁ።

አያቴ ኦፓ ዛካሪያስ ግን በዚያው ሰሞን የመኝታ ክፍላቸውን ግማሽ ከፍለው፣ የባሕሩ ነፋስ በማይደርስበትና የምድጃው ግለት በማይነካው በቤቱ መሀል፣ መስኮት የሌለው ጠባብ ጓዳ ሠሩላቸው። መደርደሪያውን ከወለሉም ከግድግዳውም አርቀው አቆሙት። ሰው ሲጠይቃቸው «ምን ላድርግ፣ ሚስቴ ገውዙን መሀል ቤት አስተኝታ እኔን ወደ ዳር ገፋችኝ» ይሉ ነበር።

የዚያን ጓዳ ሕግ ከእናንተ መካከል የማያውቅ ጥቂት ነው። የገባ ሁሉ በሩ ላይ በተሰቀለው ጨርቅ እጁን ያደርቃል። ጠርሙስ ይዞ ወደሚፈላ ድስት መጠጋት ክልክል ነው፤ የተፈለገው በደረቅ ማንኪያ ይወሰዳል እንጂ ጠርሙሱ በድስት ላይ አይራገፍም፣ እንፋሎት በአፉ የገባበት ጠርሙስ ሳምንት ሳይሞላው ይሻግታልና። ከየጠርሙሱ ሥር በጨርቅ የታሰረ የኮኮናት ከሰል አለ፤ ከላዩ ብርሃን የሚከለክል ከረጢት ይለብሳል። አሮጌው ሳያልቅ አዲስ አይጨመርበትም፣ አሮጌው አዲሱን ያስረጀዋልና። የሚፈጨው ለዕለቱ የሚበቃው ብቻ ነው። ቅርንፉድ ነፍስ እንዳለው ለማወቅ ደግሞ አንዱን አውጥቶ ሆዱን በጥፍር መጫን ነው፤ ወዝ ካወጣ በሕይወት አለ። በጥፍር የተጫነ ቅርንፉድ ግን ወደ ጠርሙሱ አይመለስም። ኦፓ ዛካሪያስ «በዚህ ቤት መልአክ እንኳ ቢመጣ መጀመሪያ እጁን አድርቆ ነው የምሥራቹን የሚናገር» ብለው መጋቢያችንን ያሳቁበትን እሑድ ዛሬም የሚያነሡ አሉ።

እግዚአብሔር ሦስት ልጆች ሰጣቸው፤ ኤሊፋስን፣ ያኮሚናንና ዳንኤልን። እንደ ደሴታችን ልማድ ልጅ ሲወለድ ከቤቱ ጀርባ አንድ የቅርንፉድ ችግኝ ይተከላል፤ ልጁና ዛፉ እኩያ ሆነው ያድጋሉ፣ አንዱ ሲታመም ሰው ሌላውን ሄዶ ያያል። ኦማ የየልጁን ዛፍ ምርት ለየብቻ አድርቀው በየራሱ ጠርሙስ ያስቀምጡ ነበር። ትንሹ ዳንኤል በሰባት ዓመቱ በወባ ባረፈ ጊዜ ዛፉም በዚያው ወራት ከጫፉ ጀምሮ ደረቀ። ይህን ሁሉም በዓይኑ ስላየ፣ ከዚያ ወዲህ በመንደራችን ያንን ልማድ የሚጠራጠር አልተገኘም። ኦማ የዳንኤልን ጠርሙስ አጥበው፣ በፀሐይ አድርቀው፣ ለጨው መያዣ አደረጉት። ስለዚህ ነገር ከዚያ በላይ ሲናገሩ አልሰማሁም።

እናቴ ያኮሚና እኔን የወለዱት በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። አባቴ ወደብ ነክቶ የሚያልፍ መርከበኛ ነበርና ስለ እርሱ የምጽፈው የለኝም። ሁለት ዓመት ሲሆነኝ እናቴ በዓሣ ማሸጊያ ሥራ ለመቀጠር በመርከብ ወደ ሶሮንግ ሄዱ። ሲሄዱ ከራሳቸው ዛፍ የተለቀመ እፍኝ ቅርንፉድ በመሐረባቸው ጫፍ ቋጥረው፣ «ለለቀማው እመለሳለሁ፤ መሰላሉን ለሌላ እንዳታውሱብኝ» ብለው ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ደብዳቤ መጣ። ከዚያ በኋላ በደሴቶቻችን ላይ ክፉ ዘመን ሆነ፣ መርከብም ደብዳቤም ተቋረጠ፤ ዘመኑ ሲያልፍና መርከቡ ሲመለስም ደብዳቤው አልተመለሰም። አጎቴ ኤሊፋስ ሁለት ጊዜ ሶሮንግ ድረስ ሄደው ፈልገዋል። ፋብሪካው ተዘግቶ፣ ሠራተኞቹም ተበትነው ጠበቋቸው።

ኦማ ግን በየዓመቱ ለቀማ ሲደርስ የያኮሚናን ዛፍ ማንም ሳይነካው ራሳቸው ይወጡበት ነበር። ቅርንፉድ በየዓመቱ እኩል አይሰጥም፤ በነፈገበት ዓመት እንኳ እፍኝም ብትሆን ለቅመው ይወርዱና፣ በመዳፋቸው አሽተው ከግንጣዩ ይለዩአትና፣ አድርቀው የያኮሚናን ጠርሙስ በአዲስ ይተኩታል። «ከሩቅ የመጣ ልጅ ያረጀ ነገር አይቀምስም» ይሉ ነበር። ከጠርሙሱ የወጣው የአምናው ቅርንፉድ ጥርሱን ለታመመ ሰው ይታደላል። እዚህ ከፊቴ የተቀመጡት ጎረቤታችን ማማ ባቺ አንድ ዓመት ድርሻቸውን ሲቀበሉ፣ «ሪካ፣ ልጅሽ ቶሎ እንዳትመጣብኝ፤ ጥርሴ ገና አራት ቀርቶኛል» አሉ። እኔ ደነገጥኩ። ኦማ ግን ስቀው ስቀው መቆም አቅቷቸው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ፣ ማማ ባቺም አብረዋቸው ተቀመጡ፤ ሁለቱም እስኪመሽ ድረስ ባሕሩን እያዩ ቆዩ። ኦፓ ዛካሪያስ በ2006 ሲያርፉ ኦማ ለለቅሶ የተቀመጡት በደንቡ ልክ ነበር፤ በዘጠነኛው ቀን መሰላሉን አቁመው ዛፉ ላይ ነበሩ።

በ2014 ከዝናቡ ወራት በኋላ የያኮሚና ዛፍ ከጫፉ ጀምሮ መድረቅ ያዘ። ኦማ ሥሩን ቆፍረው አመድ አለበሱት፣ ግንዱን አጠቡት፣ በልጅ ቋንቋ ሲያነጋግሩትም ሰምቻለሁ። በሦስት ወር ውስጥ ቆሞ ሞተ። መንደሩ የዳንኤልን ነገር አልረሳምና አንድ ቃል ሆነ። አጎቴ ኤሊፋስም እያለቀሱ እናታቸው ዘንድ ቀርበው፣ ለእህታቸው የመታሰቢያ ጸሎት እንዲደረግ ለመኑ። ኦማ ከዚያው ዓመት፣ ከመጨረሻው ለቀማ የተገኘውን ቅርንፉድ በጠርሙሱ ሞልተው፣ ከሥሩ አዲስ ከሰል አኑረው፣ ክዳኑን ዙሪያውን በሰም አሸጉት። ከእናቴ የልጅነት ቀሚስ የተሰፋ ከረጢት አለበሱትና በመደርደሪያው ጥግ አስቀመጡት። «ዛፍ ይደርቃል፤ እኔ ያስቀመጥኩት ግን አይደርቅም። ስትመጣ ራሷ ትከፍተዋለች» አሉ። ጸሎቱ ሳይደረግ ቀረ።

በሰባት ዓመት ውስጥ ያ ጠርሙስ አንድ ቀን አልተከፈተም። አቧራው ይጠረጋል፣ ሰሙ ሲሰነጠቅ በሞቀ ማንኪያ ጀርባ ይለሰናል፣ ይኸው ነው። ልጄን በወለድኩበት ዓመት፣ ጡት እያጠባሁ ከጓዳው በር ቆሜ «ኦማ፣ ለምን አንከፍተውም?» አልኳቸው። ዘወር ብለው አዩኝና «የግድ ሆኖብሻል?» አሉኝ። አልሆነብኝም አልኩ። «እንግዲያው ይቆይ» አሉ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ኦማ ከብርቱ ትኩሳት የዳኑት የማሽተት ችሎታቸውን አጥተው ነው። ሐኪም ይመለሳል ቢላቸውም አልተመለሰም። ስድሳ ዓመት ሙሉ ጓዳቸውን በአፍንጫቸው ያስተዳደሩ ሰው፣ ከዚያ በኋላ በየማለዳው ጠርሙስ እየዘረጉልኝ «ምን ይላል?» እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር። እኔም እንደመጣልኝ «ይኼ ገና ይጮኻል»፣ «ይኼኛው ማንሾካሾክ ጀምሯል» እላቸዋለሁ፤ ያንሾካሾከው በዚያው ሳምንት ለዓሣው ቢጫ መረቅ ይወጣል። አንድ ቀን ቀረፋው ዝም ብሏል ማለት አሳዝኖኝ «ይናገራል» ብያቸው ነበር። በጥርሳቸው ነክሰው፣ በምላሳቸው አንከባልለው፣ «ለእኔ አትዋሺ፤ ለጠርሙሱም አትዋሺ» አሉኝ።

ባለፈው ወር ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸውና አልጋ ያዙ። ማክሰኞ ዕለት ቀትር ላይ ገላቸውን አጥቤ ጨርሼ ለብ ያለ ውሃ ላጠጣቸው ጎንበስ ስል፣ በማይሰማ ድምፅ «እጅሽን አድርቀሻል?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ቃል አልተናገሩም፤ ቀዩ የገውዝ ልባስ ግቢ ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ እየመታው ሳለ በሰባ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ።

ለቀስተኞች ሆይ፣ እዚህ ላይ የደረሰውን ሳልነግራችሁ ባልፍ ታሪካቸው ጎደሎ ይሆናል። ትናንት ከሰዓት በኋላ አጎቴ ኤሊፋስ የሚነበቡትን ስሞች በወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። ኦማን ቀድመው ከሄዱት ተራ የባላቸው የዛካሪያስና የልጃቸው የዳንኤል ስም ነበር፤ ከሥሩም የእናቴ የያኮሚና ስም ተጽፏል። አጎቴ ክፉ አስበው አይደለም። በተቀመጡበት፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ፣ «ኔልቺ፣ ልጄ፣ እናቴ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ስትጠብቅ አይቻለሁ። ዛሬ እንኳ ተሰናብታ ትሂድ፤ በቀብሯ ቀን አናስጠብቃት» አሉኝ። መጋቢውን ብጠይቃቸው ይህ የቤተሰቡ ውሳኔ ነው አሉ። እኔ ወረቀቱን ይዤ ተቀመጥኩ፤ ከሟቾች ልጽፋቸው ብዕሩ አልሄድ አለኝ፣ ከሕያዋን ልጽፋቸው ደግሞ በምን አፌ።

ስለዚህ ወደ ጓዳው ገባሁ። በሩ ላይ ባለው ጨርቅ እጄን አደረቅሁ፣ ጥግ ያለውን ጠርሙስ ከነከረጢቱ አወረድኩ፣ ሰሙን በቢላ ጫፍ ዙሪያውን ፈለጥኩ። የግድ ሆኖብኝ ነበር፤ ማንንም አላስፈቀድኩም።

ክዳኑ ሲነሣ የተቀበለኝን ሽታ በወረቀት ለማስቀመጥ አልችልም፤ ብቻ ልጄ በጀርባዬ ታዝላ አስነጠሰች። የአንዱም ቅርንፉድ ራስ አልረገፈም። አንዱን አወጣሁና በአውራ ጣቴ ጥፍር ሆዱን ተጫንኩት። ሰባት ዓመት በተዘጋበት፣ ዛፉ በሌለበት፣ ወዝ አወጣ፤ ጥፍሬ ሥር ገብቶ አቃጠለኝ።

ወጥቼ ያንኑ ቅርንፉድ ለአጎቴ ሰጠኋቸው። በመዳፋቸው ይዘው አሸተቱት፣ ደግመው አሸተቱት። «ይኼ የእሷ ዛፍ ነው» አሉና ብዕሩን ከእጄ ተቀብለው ያንን ስም በገዛ እጃቸው ሰረዙት። ቅርንፉድ ስለ ሰው እንደማይመሰክር አጎቴም እኔም እናውቃለን። ነገር ግን ኦማ እንዳይደርቅ አድርገው ያቆዩትን እኛ ደረቀ ብለን በፊታቸው ማንበብ አልቻልንም።

ስለዚህ ኦማ ፌርዴሪካ ላቱሄሩን ባላቸው ዛካሪያስ ቱሁሙሪና ልጃቸው ዳንኤል ቀድመዋቸዋል። ከኋላቸው የቀረነው ልጃቸው ኤሊፋስና ባለቤታቸው ሳሎሚና፣ ያሉበትን ያላወቅነው ልጃቸው ያኮሚና፣ እኔን ጨምሮ አምስት የልጅ ልጆች፣ እንዲሁም በእናታቸው ስም የሰየሟት የልጅ ልጃቸው ልጅ ኦርፓ ነን። ሶሮንግ ወይም ከዚያ ወዲያ የምትሻገሩ መርከበኞች ብትኖሩ፣ በመሐረቧ ጫፍ ቅርንፉድ ቋጥራ የሄደች፣ አሁን አርባ ስድስት ዓመት የሆናት ሴት ካገኛችሁ፣ መሰላሉን ለማንም እንዳላዋስንባት ንገሩልን።

ሁሉን ሳያጎድል የሚጠብቅ ጌታ የኦማ ሪካን ነፍስ ነፋስ በማያርሰው፣ እሳት በማያቀልጠው በራሱ ጓዳ ያኑርልን፤ ለእኛም እጃችንን አድርቀን የምንጠብቅበትን ትዕግሥት ይስጠን። አሜን።

ጠርሙሱን ሰሙን አቅልጬ መልሼ አሽጌዋለሁ፤ ከጥግ ቦታው ነው ያለው። በጥፍሬ የተጫንኩት አንዱ ቅርንፉድ ግን፣ በጓዳው ሕግ ወደ ውስጥ አይመለስምና በእጄ ቀረ። ዛሬ ጠዋት የአስከሬኑ ሣጥን ከመዘጋቱ በፊት፣ እጄን በበሩ ጨርቅ አድርቄ፣ በኦማ ቀኝ መዳፍ ውስጥ አኑሬ ጣቶቻቸውን አጠፍኩላቸው።